ከሹፌሩ የሚማር ናቪጌሽን ምንድን ነው?

«ጂፒኤሱ መንገዴን ለምዶታል» ሲባል ሰሞኑንም ሰማሁ። ማስረጃው? ስልኩ መጨናነቅ አይቶ በሌላ በኩል ወሰደው። ይሄ መልመድ አይባልም። በዚያ ሰዓት እዚያ ለሚያልፍ ለማንም ያንኑ መንገድ ያሳየዋል። ጂፒኤስማ ጭራሽ አይማርም፤ ከሳተላይት ምልክት ተቀብሎ የት እንዳላችሁ ያሰላል፣ በቃ።

የሚማረው ናቪጌሽን፣ ማለትም መንገድ የሚመራው ፕሮግራም፣ የሚያጠናው የእናንተን ሚዛን ነው። አደገኛ መታጠፊያ ላለመግባት ስንት ደቂቃ ትከፍላላችሁ? ሦስት ከሆነ፣ ትምህርቱ ያ ሦስት ደቂቃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒትስበርግ ውስጥ 25 ታክሲዎች የተጓዙትን ከ160 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መረጃ ይዘው ይህንኑ ሠሩ። ሹፌሮቹ ለመንገድ ዓይነት፣ ለፍጥነት፣ ለመታጠፊያ ምን ያህል እንደሚጨነቁ ከምርጫቸው ተነስተው ወደ ኋላ አሰሉ። ሚዛኑ ከታወቀ፣ ሹፌሩ ሄዶበት በማያውቀው ሰፈርም ይሠራል። ግን ያ የታክሲ ሹፌሮች የጋራ ሚዛን ነው። ከተማውን በቅጡ የማያውቅ ሰው ሌላ ነው።

«የሄድኩበትን መዝግቦ ቢደግምልኝ አይበቃም?» የሚል አስተያየት አንብቤያለሁ። አይበቃም። የምታዘወትሩትን ካፌ አስቡት። አስተናጋጁ «እንደ ሁልጊዜው?» ይላችኋል። አንድ ቀን ጉሮሯችሁን አሟችሁ በማኪያቶ ፈንታ ሻይ አዘዛችሁ። ጎበዝ አስተናጋጅ በማግስቱ ሻይ ይዞ አይመጣም። አሁን ደግሞ ሳይጠይቅ ማኪያቶ የሚያስቀምጥ ሌላ አስተናጋጅ አለ እንበል። ይሉኝታ ይዟችሁ ትጠጣላችሁ። እሱም «ወደውታል» ብሎ ይይዛል።

ናቪጌሽን ለምንሠራው ለእኛ ትልቁ ራስ ምታት ይሄ ነው። ሹፌሩ የሄደው እኛ «በዚህ ሂድ» ስላልነው ነው። ያንን እንደ ምርጫው ከቆጠርነው ማሽኑ የሚማረው ከራሱ ድምፅ ነው። ስለዚህ ተመርቶ የሄደበትንና በራሱ የሄደበትን ለይተን እንይዛለን። ምክራችንን ትቶ ሲታጠፍም ቶሎ አንፈርድም። ነዳጅ ሊሞላ ይሆናል። ልጅ ሊያወርድ ይሆናል። ወይም መንገዱ ተዘግቶ ካርታችን አላወቀም።

ባልና ሚስት በአንድ መኪና ሲፈራረቁስ? አስተናጋጁ ጠረጴዛውን ብቻ ነው የሚያውቀው። አንዱ ማኪያቶ፣ አንዷ ሻይ ሲያዙ፣ እሱ ሁለቱን ቀላቅሎ ያቀርባል። ከስሌቱ ሁሉ በፊት፣ ዛሬ መሪውን የያዘው ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት።