በሰው ንግድ የተጎዱ ልጆች ረጅሙ ማገገም

ከአዘዋዋሪዎች እጅ የወጣ ልጅ ለማገገም ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል። እርዳታው ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይቋረጣል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል (በሰው መነገድን ለመከላከል የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት) ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ለብዝበዛ መመልመል፣ ማስገደድም ማታለልም ባይኖርበት፣ በሰው መነገድ ነው ይላል። ስለዚህ «እሺ ብዬ ነው የሄድኩት» የሚል ልጅም ተጎጂ ነው። ይህን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ጥፋቱ የራሳቸው ይመስላቸዋል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 39 ደግሞ ልጆቹ በአካልም በአእምሮም እንዲያገግሙ መንግሥታትን ያስገድዳል።

መጀመሪያ የሚቀድመው ደኅንነት ነው፤ አስተማማኝ ማደሪያ፣ ሕክምና፣ እንቅልፍ። ምግብ የሚደብቅ፣ በር ሲንኳኳ የሚበረግግ ወይም ጠፍቶ ለመሄድ የሚሞክር ልጅ አስቸጋሪ ሆኖ አይደለም። እስካሁን በሕይወት ያቆየው ልማድ ገና አለቀቀውም። አዘዋዋሪውን የሚናፍቅ፣ ጥብቅና የሚቆምለትም አለ። ይህን የሰማ ሰው መቆጣት የለበትም። ልጁን በየቢሮው ታሪኩን ማስደገምም ቁስሉን መነካካት ነው። የሠለጠነ ባለሙያ አንዴ ጠይቆት ቃሉ በቪዲዮ የሚቀረጽበት አሠራር የመጣው ለዚህ ነው።

የሥነ ልቦና ሕክምናው ይረዳል። ልጁ መጀመሪያ ራሱን ማረጋጋት ይማራል፤ ከዚያ የደረሰበትን በራሱ ፍጥነት፣ ቀስ በቀስ ያወራል። የሚያሳድገው ሰውም አብሮ ቢሳተፍ ይመረጣል። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው የማይቀያየር አንድ አዋቂ ማግኘቱ ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛው በተቀየረ ቁጥር መተማመኑ ከዜሮ ይጀመራል።

ሰው ሁሉ ልጁ ቶሎ ቤቱ እንዲገባ ይመኛል። ግን አሳልፎ የሰጠው ዘመድ ቢሆንስ? ለጉዞው የተበደሩት ዕዳ ቤት ውስጥ እየጠበቀው ቢሆንስ? ሳይጠና የተመለሰ ልጅ እንደገና በአዘዋዋሪዎች እጅ ሊወድቅ ይችላል። ቤተሰቡን አስቀድሞ ማየት፣ ከተመለሰ በኋላም እየሄዱ መጠየቅ የግድ ነው።

ትምህርት ቤት ሌላ ፈተና ነው። ከታናናሾቹ ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል፤ የማካካሻ ትምህርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ሙያ መማር ከፈለገም ምርጫው የራሱ ይሁን።

ከባዱ ቀን 18 ዓመት የሚሞላበት ነው። በብዙ ቦታ የልጆች አገልግሎት እዚያ ላይ ያበቃል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ከመንግሥት እንክብካቤ የወጡ ወጣቶች እስከ 25 ዓመታቸው የግል አማካሪ መጠየቅ ይችላሉ። ሌሎችም አገሮች ቢያንስ ይህን ያህል ቢያደርጉ ምንኛ ጥሩ ነበር።