የኪሊማንጃሮ በረዶ እንዴት ይጠፋል? ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ወሬ ሲነሳ የኪሊማንጃሮ ስም መጠራቱ አይቀርም። ተከትለው የሚመጡት ማብራሪያዎች ግን አብዛኞቹ ግማሽ እውነት ናቸው። በየተራ እንያቸው።

«ራስ ዳሸን ላይም የበረዶ ግግር አለ»

የለም። ዳሸን ላይ በረዶ ይጥላል፤ አንዳንዴም ጫፉ ነጭ ለብሶ ይውላል። ግግር የሚባለው ግን ከዓመት ዓመት ሳይጠፋ ተደራርቦ፣ በራሱ ክብደት ተጨምቆ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚንሸራተት በረዶ ነው።

ዳሸን ለምን ግግር እንዳጣ ለመረዳት ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ይበቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ልዩነት አለ። ደሴ ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሳ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚያወልቀው ለዚህ ነው። ይኸው ስሌት ወደ ላይ ሲቀጥል አማካዩ ሙቀት 0 ዲግሪ የሚሆነው 5,000 ሜትር ገደማ ሲደረስ ነው። ዳሸን ከ4,500 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ዛሬ በአፍሪካ ግግር የቀረው ከ5,000 ሜትር በላይ በሚወጡት በሦስቱ ብቻ ነው፦ በኪሊማንጃሮ (5,895 ሜትር)፣ በኬንያ ተራራ (5,199 ሜትር) እና በዩጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ባለው በርዌንዞሪ (5,109 ሜትር)።

ባለፈው የበረዶ ዘመን አየሩ ሲቀዘቅዝ ግን የባሌና የስሜን ተራሮችም ግግር ነበራቸው። ባሌ ላይ ግግሩ ገፍቶ የከመራቸው ድንጋዮች አሁንም ይታያሉ።

«ኪሊማንጃሮ እሳተ ገሞራ ስለሆነ ከሥሩ ሞቆ ነው የሚቀልጠው»

በአፉ ውስጥ ጋዝ የሚተነፍስ ጉድጓድ መኖሩ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የኬንያ ተራራ እሳቱ ከጠፋ እጅግ ረጅም ዘመን ሆኖታል፤ ርዌንዞሪ ደግሞ ከነጭራሹ እሳተ ገሞራ አይደለም፣ ከመሬት ውስጥ የተገፋ አለት ነው። የሁለቱም በረዶ እየጠፋ ነው። የኬንያ ተራራ ትልቁ ግግር ሉዊስ ከ1934 እ.ኤ.አ. ወዲህ 90 በመቶ ያህል ይዘቱን አጥቷል።

«ከ0 ዲግሪ በታች በረዶ አይጠፋም»

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስት ነው። ኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ አማካዩ ሙቀት ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በረዶው ግን ይጠፋል። ለበረዶው ወሳኙ የሚደርሰው ጉልበት ነው፤ ከአየሩ ሙቀት ይልቅ ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው ፀሐይ ነው። አዲስ የጣለ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶውንና ከዚያ በላይ ይመልሳል፤ ያረጀና የቆሸሸ በረዶ ግን ከ40 በመቶ በታች ሊመልስ ይችላል። ቀሪውን ይውጠዋል። በነሐሴ ደሴ ላይ በረዶ ጥሎ ካባራ በኋላ ግቢ ውስጥ የተከመረውን ማየት ነው፦ ስስ አፈር የነካው ጎን ከነጩ ቀድሞ ይጎደጉዳል። አፈሩ ብዙ ጣት የሚያህል ውፍረት ሲኖረው ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱን ይከላከልና በረዶውን ያቆየዋል።

አየሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ ተንኖ ይሄዳል። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ሲበቃ፣ በቀጥታ ለማትነን ወደ 2,830 ያስፈልጋል፤ ስምንት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። ስለዚህ ያው የፀሐይ ጉልበት በደረቅ አየር የሚወስደው በረዶ ጥቂት ነው፤ አየሩ እርጥበት ሲያዝል ግን ትነቱ ይቀንስና ጉልበቱ ወደ ማቅለጥ ይዞራል። ቴርሞሜትር ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

«ደኑ ስለተጨፈጨፈ ነው»

የደን መመንጠር ለምንጩም ለአፈሩም ጉዳት ነው፤ ለጫፉ በረዶ ግን ዋናው ምክንያት አይደለም። ጫፉ ከደኑ ቀበቶ እጅግ ርቆ ከፍ ያለ ሲሆን፣ እርጥበቱ በብዛት ከሕንድ ውቅያኖስ ነው የሚመጣው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ አየር ደረቅ እያለ መጣ፤ የሚጥለው በረዶ ሲያንስ ገጽታው ጠቆረ፣ ጉልበት ዋጠ። በ1912 እ.ኤ.አ. 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የኪሊማንጃሮ ግግር ስፋት በ2011 እ.ኤ.አ. ከ2 በታች ወርዷል። «እንግዲያው ሙቀት መጨመሩ አይመለከተውም» ብሎ መዝለልም ስህተት ነው። የእርጥበቱን መንገድ የሚወስነው የውቅያኖሱ ሙቀት ነው፤ ዝቅ ባሉት በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ደግሞ በረዶው ለ0 ዲግሪ ቅርብ ስለሆነ የአየሩ መሞቅ በቀጥታ ይመታዋል።

«እንደ አውሮፓ በቀዝቃዛው ወቅት ያገግማል»

አውሮፓ ላይ በረዶው በአንዱ ወቅት ይከማቻል፣ በሌላው ይቀልጣል። ከምድር ወገብ አጠገብ ግን የቀንና የሌሊቱ የሙቀት ልዩነት ከወራት ልዩነት ይበልጣል፤ የግግሩ ታችኛ ጫፍ ዓመቱን ሙሉ ሲቀልጥ ይኖራል። በ1 ዲግሪ ሙቀት መጨመር የ0 ዲግሪው መስመር 150 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሸሻል፤ ከዚያ በታች በረዶ ሆኖ ይጥል የነበረው ዝናብ ይሆናል። ዝናቡ ነጭ ሽፋን አይጨምርም፤ ያለውንም ያጥባል። እነዚህ ግግሮች አነስተኛ በመሆናቸው መልሳቸው ፈጣን ነው። ቦሊቪያ ውስጥ የበረዶ ሸርተቴ ይካሄድበት የነበረው የቻካልታያ ግግር በ2009 እ.ኤ.አ. ከነአካቴው ጠፍቷል፤ ሲሳሳ በዙሪያው የተገለጠው ጥቁር ድንጋይ እየሞቀ ጠርዙን ይበላው ነበር። የሚከማችበት መስመር (በዓመት የሚጥለው በረዶ ከሚጠፋው መብለጥ የሚጀምርበት ከፍታ) ከተራራው ጫፍ በላይ የወጣ ግግር፣ ሙቀቱ ባለበት ቢቆም እንኳ አይተርፍም።

«ዘንድሮ ነጭ ሆኗል፣ ተመልሷል»

አንድ ሌሊት የጣለ በረዶ ተራራውን ሙሉ ነጭ ያደርጋል፤ ፎቶው ግግሩን አያሳይም። ለማወዳደር ፎቶው በየዓመቱ በዚያው ደረቅ ወቅት መጨረሻ መነሳት አለበት። ባለሙያዎች የሚተማመኑት በካስማ ነው፦ በረዶውን ብዙ ሜትር ሰርስረው ካስማ ይተክሉና ከላይ የወጣውን ርዝመት ይለካሉ። ዛሬ 40 ሴንቲ ሜትር የወጣው በዓመቱ 1 ሜትር ከ90 ከሆነ፣ 1.5 ሜትር በረዶ ሄዷል። የበረዶው እፍጋት ከውሃው 0.9 ያህል ስለሆነ 1.35 ሜትር ውሃ ማለት ነው። አዲስ የጣለው ላላ ያለ ስለሆነ በዚህ ቁጥር አይባዛም፤ ለብቻው ተቆፍሮ ይመዘናል። ይህን የዘለለ ልኬት ግማሽ ሜትር ልል በረዶ አይቶ «ተሻሽሏል» ይላል።

«በረዶው ሲያልቅ ወንዞቹ ይደርቃሉ»

እንደ ቦታው ነው። ከኪሊማንጃሮ የሚወርዱት ወንዞች ውሃቸውን በአብዛኛው የሚያገኙት በደኑ ቀበቶ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ነው፤ የጫፉ በረዶ ድርሻ ትንሽ ነው። ቦርከናም የሚሞላው በዝናብ ነው። ከዓለም የምድር ወገብ አካባቢ ግግሮች ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት በሚገኙባት በፔሩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ በደረቁ ወቅት ዝናብ ስለሌለ የሸለቆ ገበሬ የሚያጠጣው የበረዶ ውሃ ነው። ግግሩ መቅለጥ ሲጀምር ወንዙ ለጊዜው ይሞላል፣ ብዙዎችም ይደሰታሉ። ግግሩ ካነሰ በኋላ ግን የደረቁ ወቅት ውሃ ከቀድሞውም በታች ይወርዳል፤ በመሙላቱ ዓመታት የተስፋፋው መስኖ ውሃ የሚያጥረው ያን ጊዜ ነው።