የሆላንድ እጅ መንሻ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1660 ዳግማዊ ቻርልስ ከስደት ወደ እንግሊዝ ዙፋን ሲመለስ የሆላንድና የምዕራብ ፍሪስላንድ ምክር ቤት የላከለት ገጸ በረከት «የሆላንድ እጅ መንሻ» ይባላል። 28 ሥዕሎች፣ 12 ጥንታዊ የድንጋይ ቅርጾችና የቤት ዕቃዎች ነበሩበት። የአምስተርዳም ከተማም «ሜሪ» የተባለች የሽርሽር መርከብ ሰጠችው። ሥዕሎቹ በኖቬምበር ለንጉሡ የቀረቡት ለንደን በሚገኘው ባንኬቲንግ ሃውስ ነው፤ አባቱ ቀዳማዊ ቻርልስ በ1649 የተሰየፈውም በዚሁ አዳራሽ ፊት ለፊት ነበር።

ስጦታው ለምን ሥዕል እንደሆነ የሚገባን ከዚያ ስየፋ በኋላ የሆነውን ስናውቅ ነው። ፓርላማው የሟቹን ንጉሥ ስብስብ ለሽያጭ አወጣ። ቤተ መንግሥቱ ያልከፈላቸው ሠራተኞችና የእጅ ባለሙያዎች በገንዘብ ፈንታ ሥዕል ይረከቡ ጀመር፤ የቧንቧ ሠራተኛው ሳይቀር የባሳኖን «የጥፋት ውኃ» ወስዷል። ከምርጦቹ ብዙዎቹ ግን ባሕር ተሻገሩ። ለስፔኑ ንጉሥ ለአራተኛው ፊሊፕ የተገዛው የራፋኤል «ላ ፔርላ» ዛሬም ማድሪድ፣ ፕራዶ ቤተ መዘክር ውስጥ ይታያል።

ልጁ ሲመለስ የመኳንንት ምክር ቤት ኮሚቴ አቋቁሞ ንብረቱን ማስፈለግ ያዘ። አገር ውስጥ ከቀረው ብዙው ተመለሰ፤ ከአንዳንዶቹ ሥዕሎች ጀርባ በጋለ ብረት የተተኮሰው የአባቱ ምልክት የማን እንደነበሩ ይመሰክር ነበር። የውጭ ነገሥታት የገዙትን ግን የለንደን ትእዛዝ አይደርስበትም። ስለዚህ በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ክፍተቱ የጎላው በጣሊያን ሊቃውንት ሥራዎች በኩል ነበር።

ሆላንዶች ይህን አስተውለዋል። ከሟቹ ነጋዴ ከኼራርት ሬይንስት መበለት 24 ሥዕሎችንና 12ቱን ቅርጾች በ80,000 ጊልደር ገዙ። ሥዕሎቹ በአብዛኛው የጣሊያን ናቸው፤ ስጦታው ከሆላንድ ስለመጣ ብቻ የሆላንድ ሥዕሎች ይመስሉናል እንጂ። የቲሺያን የጃኮፖ ሳናዛሮ ምስል አንዱ ነው። ከሁሉ የምናደንቀው ምርጫ ግን ሎሬንዞ ሎቶ በ1527 የሣለው አንድሬያ ኦዶኒ ነው። ኦዶኒ ራሱ የጥንት ቅርጽ ሰብሳቢ ነበር፤ በሥዕሉ ላይም በተሰባበሩ ቅርጾች ተከቦ፣ አንዲት ትንሽ ሐውልት በእጁ ይዞ ይታያል። የአባቱን ስብስብ እንደገና ለሚያቋቁም ንጉሥ ከዚህ የተሻለ ሥዕል ማግኘት ይከብዳል። ከራሳቸው ሠዓሊዎች ደግሞ የኼሪት ዳውን «ወጣቷ እናት» ጨመሩበት።

በፖለቲካው ረገድ ግን ስጦታው የታሰበለትን ወዳጅነት አላጸናም። ሁለቱ አገሮች በባሕር ንግድ ሲፎካከሩ ቆይተው በ1665 ጦርነት ገጠሙ። በ1667 የሆላንድ መርከበኞች ሜድዌይ ወንዝ ድረስ ዘልቀው «ሮያል ቻርልስ»ን ማርከው ሄዱ፤ ንጉሡን በ1660 ከሆላንድ ወደ አገሩ ያመጣችው መርከብ እሷ ነበረች።

ሳናዛሮና ኦዶኒ ዛሬም በእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ውስጥ አሉ። «ወጣቷ እናት»ን ግን በእንግሊዝ የነገሠው ሆላንዳዊው ሦስተኛው ዊሊያም ሄት ሎ ወደሚባለው የሆላንድ ቤተ መንግሥቱ ወሰዳት። በ1702 ሲሞት ንግሥት አን ትመለስልኝ ብትልም አልተሳካላትም፤ ሥዕሏ አሁን በሄግ፣ ማውሪትስሃውስ ቤተ መዘክር ትገኛለች።