«ሃንግ አፕ»፦ ስልክ መዝጋት ነው ወይስ መስቀል?

አክስቴ አሜሪካ እንደገባች ሰሞን የቤት ስልኩን አንስታ ቁጥር ሳትጨርስ ቆየችና «ፕሊስ ሃንግ አፕ ኤንድ ትራይ አጌን» የሚል የተቀዳ ድምፅ መጣባት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። «ሃንግ መስቀል፣ አፕ ላይ። ምኑን ነው የምሰቅለው?» አለችኝ። መልሱ እዚያው ጥያቄዋ ውስጥ ነበር።

ዛሬ ትርጉሙ ስልክ መዝጋት ነው፤ ቃሉ ግን የመጣው ከእውነተኛ መስቀል ነው። የጥንቱን የግድግዳ ስልክ አስቡት፤ የእንጨት ሳጥን ነው፣ ጎኑ ላይ መንጠቆ አለው፣ ማዳመጫው እዚያ ላይ ይንጠለጠላል። መንጠቆው ደግሞ ማብሪያና ማጥፊያ ነው፦ የማዳመጫው ክብደት ወደ ታች ሲጫነው መስመሩ ይቋረጣል፣ ማዳመጫው ሲነሳ መንጠቆው ወደ ላይ ይመለስና መስመሩ ይከፈታል። ወሬ ያለቀ እንደሆነ የግድ መስቀል ነበረባቸው። መንጠቆው ጠፋ፣ ቃሉ ቀረ። እኛስ ጣታችንን መስታወት ላይ አንሸራተን «ስልኩን አነሳሁት» እንል የለ?

«ኦን» ሲጨመርበት ነገሩ ይከብዳል። «ሺ ኸንግ አፕ ኦን ሚ» ካለ እያወራ ሳለ ጆሮው ላይ ዘግታበታለች ማለት ነው። በጣም የምወደው ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም አማርኛው ያንኑ ስሜት በአንዲት ቅጥያ ይጨርሰዋል፦ ዘጋች ሌላ፣ ዘጋችብኝ ሌላ። ያቺ «ብኝ» ናት «ኦን ሚ»።

ኃላፊ ጊዜው «ኸንግ» ነው፣ «ሃንግድ» አይደለም። «ሃንግድ» በገመድ ለተሰቀለ ሰው የሚባል ነው። ለእኛ ካፖርቱም ሰውየውም «ተሰቀለ» ስለሆነ እዚህ ጋ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን።

ስልካችን ደርቆ አልሠራ ሲል «ሃንግ አደረገ» የምንለውም ከዚህ ጋር አይገጥምም። ጥገና ቤት ሄዳችሁ «አፕ» ከጨመራችሁበት ሰውየው ጥሪ ተቋረጠ ያላችሁ ይመስለዋል። «ፍሮዝ» በሉት።

ኳስ ተጫዋች «ኸንግ አፕ ሂዝ ቡትስ» ከተባለ ጨዋታ አቁሟል፤ የስፖርት ጋዜጠኞቻችን «ጫማውን ሰቀለ» የሚሉት ነው። «ሺ ኢዝ ኸንግ አፕ ኦን ሂም» ሲባል ደግሞ ስልክ የለበትም፣ ልቧ እሱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አክስቴን በኋላ ያስቸገራት እሱ ነበርና። ስልክ ላይ «ሃንግ ኦን» ካሏችሁ አትዝጉ። ትንሽ ጠብቁ እያሏችሁ ነው።