የፈረስ ጅማት ሲጎዳ፦ የሚወራውና እውነታው

ባጃጅ የድሬዳዋን መንገድ ቢሞላውም፣ በጋሪ ፈረስ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ዛሬም አለ። ፈረሱ ሲያነክስበት ያገኘውን ወሬ ሁሉ ቢሰማ አይፈረድበትም። የውጭ አገር የእሽቅድምድም ፈረሶች በስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችሉ ሴሎች በመርፌ ሲሰጡ) ሲታከሙ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ስላሉ፣ ወሬውም በዝቷል።

«ስቴም ሴል አዲስ ጅማት ያበቅላል»

አያበቅልም። የተጎዳ ጅማት ሲድን ቦታውን የሚይዘው ጠባሳ ነው። ጠባሳ እንደ ድሮው ጅማት አይለጠጥም፤ ስለዚህ ፈረሱ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ሊጎዳ ይችላል። የሚወጉት ሴሎች አብዛኞቹ ራሳቸው ጅማት አይሆኑም። ዋናው ሥራቸው ብግነቱን ማርገብና ጥገናውን ማገዝ ነው ተብሎ ይታመናል። የሚፈለገው ጠንከር ያለ፣ የተሻለ ጠባሳ ነው።

«ፒአርፒም ያው ስቴም ሴል ነው»

ይለያያሉ። ፒአርፒ ከደም የሚዘጋጅ መርፌ ነው፤ የፈረሱ የራሱ ደም ይቀዳል፣ በማሽን ይሽከረከራል፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) የበዛበት ክፍል ተለይቶ በዚያው ቀን ሊወጋ ይችላል። ስቴም ሴል ግን ከመቅኔ ወይም ከስብ ተወስዶ ላብራቶሪ ውስጥ እስኪባዛ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

«መርፌው ካለ እረፍት አያስፈልግም»

ፈረሶችን ክፉኛ የሚጎዳው ይህ ነው። በስቴም ሴል የታከመ የእሽቅድምድም ፈረስ እንኳ ወዲያው አይሮጥም። መጀመሪያ ይታሰራል፣ ከዚያ በእጅ እየተመራ ጥቂት ደቂቃ ይራመዳል፣ እርምጃው ቀስ በቀስ ይጨመርለታል። ከባድ የጅማት ጉዳት ከ9 እስከ 12 ወር ይፈልጋል። የዕለት ጉርሱን ከጋሪው ለሚያገኝ ሰው ይህ በጣም ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ባለጋሪዎች ለታመመ ፈረስ የሚሆን እቁብ ቢጀምሩ ምንኛ ደስ ባለኝ! እስከዚያው ግን እግሩ ሲያብጥና ሲሞቅ ጋሪውን ፍቱለት፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት፣ ሐኪም አሳዩት። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው እዚሁ ቅርባችን ነው።

«ከዚህ ሁሉ በጋለ ብረት መተኮስ ይሻላል»

አይሻልም። እሳት በጉዳት ላይ ጉዳት ይጨምራል። የተተኮሰ ፈረስ ተሽሎት ከታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያሻለው ቁስሉ እስኪደርቅ ያረፈበት ጊዜ ነው። እረፍቱን ያለ እሳት ስጡት።

«ስቴም ሴል ለትከሻ ቁስልም ይሆናል»

የጋሪው ማሰሪያ እየፋቀ ላቆሰለው ትከሻ መፍትሔው ማሰሪያውን ማስተካከል ነው። የሚፍቀውን ቦታ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ቁስሉ እስኪድን ፈረሱን ጋሪ አታስጎትቱት።