ኤስትሮጂን ሲጓደል፦ ማረጥ፣ ኤሮቢክ እንቅስቃሴና የሚያረጅ ልብ

ማረጥ በአብዛኞቹ ሴቶች ላይ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ይደርሳል። የሚወራው በአመዛኙ ስለ ትኩሳቱና ስለ እንቅልፍ ማጣቱ ነው፤ የልብ ነገር እምብዛም አይነሳም።

ኤስትሮጂን የተባለው፣ የእንቁላል እጢዎች የሚያመርቱት ሆርሞን የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመነጭ ያግዛል፤ ሥሮቹ የሚሰፉት በዚህ ጋዝ ነው። የእንቁላል እጢዎች ሆርሞኑን ማምረት ሲያቆሙ የደም ሥሮች ይደድራሉ፣ ጎጂው ኮሌስትሮል ይጨምራል፣ ስብም በሆድ ዕቃ ዙሪያ ይከማቻል። ዕድሜ በበኩሉ በልብ ጡንቻ መሀል ኮላጅን የተባለውን የሚያደድር ፕሮቲን ያበዛል። በብዙ ሴቶች ዘንድ ቀድሞ የሚዳከመው ታዲያ የልብ የመጭመቅ ኃይል ሳይሆን የመላላት ችሎታው ነው። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ በጡንቻ ሴሉ ውስጥ የተለቀቀው ካልሲየም ተመጥጦ ወደ ማከማቻው መመለስ አለበት። ይህ ከዘገየ የግራው የታችኛው የልብ ክፍል በቅጡ ሳይላላ ደም ይገባበታል፤ ግፊቱም ወደ ሳንባ ይዞራል። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት አረጋዊት በአልትራሳውንድ ስትታይ ልቧ በደንብ እንደሚጨምቅ ሊነገራት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የእንቁላል እጢያቸው በቀዶ ሕክምና በወጣ አይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ አዘውትሮ መሮጥ የካልሲየሙን ዝውውር ከመዛባት ታድጓል። እርግጥ አይጥ እንደ ሴት አታርጥም፤ ቀዶ ሕክምናው ሆርሞኑን በአንድ ቀን ሲያቋርጥ ማረጥ ግን ዓመታት ይፈጃል። በሰው ረገድ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ45 እስከ 64 ዓመት የሆናቸውን፣ ስፖርት የማያዘወትሩ ወንዶችና ሴቶች ለሁለት ዓመት አሠልጥኖ የልባቸው ድድርና መቀነሱን አሳይቷል።

የደም ሥሮች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ኤሮቢክ እንቅስቃሴ (እንደ ሩጫና ፈጣን እርምጃ ያለው) በዕድሜ የገፉ ወንዶችን የደም ሥር ሽፋን ሲያሻሽል፣ ባረጡ ሴቶች ላይ ውጤቱ ወጥ አይደለም፤ ኤስትሮጂን ሲሰጣቸው ግን ጥቅሙ ጎልቶ ታይቷል። እንቅስቃሴው ሆርሞኑን ይተካል ማለት እንግዲህ ነገሩን ማጋነን ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ሆርሞን ይውሰድ ማለት አይደለም። በአሜሪካ በአማካይ 63 ዓመት የሆናቸው ሴቶች የተሳተፉበት ሰፊ ሙከራ ኤስትሮጂንን ፕሮጄስቲን ከተባለ ሌላ ሆርሞን ጋር ሰጥቶ ከጥቅሙ ጉዳቱ ስላመዘነ በ2002 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። ከ45 ዓመት በፊት ሁለቱም የእንቁላል እጢዎቻቸው የወጡላቸው ሴቶች ግን ለልብ ሕመም ይበልጥ ስለሚጋለጡ፣ የሚከለክል ምክንያት ከሌለ ሐኪሞች ሆርሞኑን እስከ ተለመደው የማረጫ ዕድሜ ድረስ እንዲወስዱ ይመክራሉ።