የኔዘርላንድስ ክሮኬት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ክሮኬት የተጠበሰ ድንች ነው የሚለው አመለካከት ከሁሉም ይበልጥ የተስፋፋ ነው። በኔዘርላንድስ የድንች ክሮኬት መኖሩ እርግጥ ቢሆንም የሚቀርበው ከዋናው ምግብ ጎን ነው፤ እንዲያው «ክሮኬት» ሲባል አገሬው የሚያስበው ውስጡ በራጉ፣ ማለትም በቅቤና በዱቄት በወፈረ የሥጋ መረቅ የተሞላውን፣ የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ በዘይት የተጠበሰውንና በለስላሳ ዳቦ ከሰናፍጭ ጋር የሚበላውን ነው።

ማንኛውም የተፈጨ ሥጋ ይበቃል የሚሉም አሉ። የራጉው ጣዕም ግን የሚገኘው ከመረቁ ነው። ስለዚህ ጅማት ያለው የበሬ ወይም የጥጃ ሥጋ ከሽንኩርትና ከካሮት ጋር በዝግታ እሳት 3 ሰዓት ያህል ተቀቅሎ በጣት ሊበተን ይገባል። ከጅማቱ የሚወጣውም ጀላቲን፣ ማለትም ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ንጥረ ነገር፣ መረቁ ሲቀዘቅዝ እንዲረጋ ያግዛል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ራጉው እንዳይፈነዳ ደረቅ መሆን አለበት የሚለው እምነት ነው። ጥሩ ክሮኬት ሲቀዘቅዝ የሚጠቀለል፣ ሲሞቅ ግን እንደ ወፍራም አጥሚት የሚለሰልስ ውስጥ አለው። ለግማሽ ሊትር መረቅ 70 ግራም የገበታ ቅቤና 80 ግራም የፉርኖ ዱቄት በቂ ነው፤ ዱቄቱ በቅቤው ሳይቀላ ጥቂት ደቂቃ ከበሰለ በኋላ መረቁ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ይማሰላል፣ ሥጋው ይገባል፣ ከዚያም ዝርግ ዕቃ ላይ ተዘርግቶ በማቀዝቀዣ ያድራል። ይህን ሌሊት ለማሳጠር መሞከር፣ በእኔ እምነት፣ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። አንዳንዶች እንዲረጋላቸው ጀላቲን ይጨምራሉ። በአውሮፓ የሚሸጠው ጀላቲን ብዙውን ጊዜ ከአሳማ የሚሠራ በመሆኑ፣ አሳማ የማይበሉ አንባቢዎች ማሸጊያውን ሊያነቡ ወይም ከበሬ የተሠራውን ሊመርጡ ይገባል።

ክሮኬት የሚፈነዳው ዘይቱ ስለሚግል ነው ተብሎም እሳቱ ይቀነሳል። የሚፈነዳው ግን ሽፋኑ በሳሳበት ወይም በተሰነጠቀበት በኩል ነው፤ ደግሞም ዘይት ውስጥ ሲቆይ ውስጡ ይፈላና እንፋሎቱ መውጫ ይፈልጋል። ለብ ባለ ዘይት ሽፋኑ ቶሎ ስለማይጠነክር ዘይት ይመጥጣል፣ መቆያውም ይረዝማል። መፍትሔው ዱቄት ካለበሱት በኋላ ጫፎቹን ጨምሮ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ሁለት ጊዜ ማልበስ፣ ከዚያም በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ብቻ እየጨመሩ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ መጥበስ ነው።

በረዶ የሆነውንም አስቀድሞ ማቅለጥ አያስፈልግም፤ ሽፋኑ ይርሳልና። እንደ በረደ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ይጨመርለታል።

በመጨረሻም ቢተርባል የተባለው ትንሹ ድቡልቡል ክሮኬት ስሙ «መራራ» የሚል ቃል ስላለበት መራራ ምግብ የሚመስላቸው አሉ። ስሙን ያገኘው አብሮት ይቀርብ ከነበረው መራራ መጠጥ ሲሆን፣ ውስጡ ያው ራጉ ነው። ለጀማሪ የምመክረውም እርሱን ነው፤ ድቡልቡል ቅርጹ ጫፍ ስለሌለው ሽፋኑ በእኩል ይለብሳል፣ በ3 ደቂቃ ገደማም ይደርሳል።